ውኃ የተሞላ የትራክተር ጎማ ሲያፈስ በአነስተኛ ወጪ የሚጠገንበት ዘዴ

በአርሲና በባሌ የስንዴ አካባቢዎች ትራክተር ለማሳ ዝግጅት ከፍተኛ አገልግሎት ይሰጣል። ክረምቱ ሲቃረብ አንዱ የኋላ ጎማ ማፍሰስ ከጀመረ ግን ትራክተሩ ይቆማል፤ የዘር ወቅቱም አይጠብቅም። አዲስ ጎማ መግዛት ደግሞ ለብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከባድ ወጪ ነው። ሆኖም ጎማ አፈሰሰ ማለት ጎማው አበቃለት ማለት አይደለም። ስለዚህ ጉድለቱን ብዙ ወጪ ከማይጠይቀው ጀምሮ በቅደም ተከተል መፈለግ እንደሚገባ እንመክራለን።

ውኃ የሚሞላው ለምንድን ነው?

ማረሻ የሚጎትት ትራክተር የኋላ ክብደቱ ካነሰ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፤ ነዳጅና ጎማም በከንቱ ያልቃል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ 200 ሊትር ቢሞላ ትራክተሩ 400 ኪሎ ይጨምራል። በጣም ቀዝቃዛ በሆኑ አገሮች ውኃው በረዶ እንዳይሆን ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ይጨመርበታል። በእኛ አገር ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ያገለገለ ትራክተር ሲገዛ ግን ፈሳሹን መመርመር ያስፈልጋል፤ ጨው ያለበት ፈሳሽ ቶሎ አይደርቅም፣ ቸርኬውን ይበላል፣ የፈሰሰበትንም ሰብል ያቃጥላል።

የሚያፈስበትን ቦታ መለየት

1. ከቫልቩ አፍ፦ ቫልቩ ወደ ላይ እስኪሆን ጎማውን አዙሮ የሳሙና አረፋ መቀባት። አረፋው ከተነፋ ጉድለቱ የቫልቩ ውስጠኛ መርፌ ነው። ትራክተሩን በክሪክ አንስቶ፣ ነፋሱን አስተንፍሶ መርፌውን መለወጥ ይበቃል። ቫልቩ ከላይ ስለሆነ ውኃው አይፈስም።

2. ከቫልቩ ሥር፦ ቸርኬው ቫልቩ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ከረጠበ ብዙውን ጊዜ የውስጡ ጎማ ከቫልቩ ሥር ተቀዷል። ይህ የሚደርሰው በነፋስ ማነስ ምክንያት ጎማው በቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ነው። እዚህ ቦታ ላይ ለጥፍ ስለማይጸና የውስጡን ጎማ መለወጥ ይሻላል።

3. ከጎማው መርገጫ ወይም ከጎኑ፦ እሾህ ወይም ምስማር ከተገኘ ወዲያውኑ መንቀል አይገባም። በመጀመሪያ ቦታውን በኖራ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም የተበሳው ቦታ ወደ ላይ እስኪሆን ጎማውን ማዞር ነው። እንዲህ ከሆነ ውኃው መፍሰሱን ያቆማል።

ጎማውን ሳያወልቁ መጠገን

ውኃ የተሞላ የኋላ ጎማ ከነቸርኬው ብዙ መቶ ኪሎ ስለሚመዝን ቢወድቅ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከትራክተሩ ሳይወልቅ መጠገን ወጪም አደጋም ይቀንሳል።

• ትራክተሩን በደረቅና ሜዳ ቦታ ማቆም፣ ለፊት ጎማዎች ታኮ ማድረግ፣ የኋላውን በክሪክ አንስቶ ከሥሩ ጠንካራ ግንድ መደገፍ።
• ቫልቩን ወደ ላይ አድርጎ ነፋሱን ማስተንፈስ፤ ከዚያ ወደ ታች አዙሮ መርፌውን በማውጣት ውኃውን በበርሜል መቀበል። በጎማው ግርጌ ጥቂት ውኃ ይቀራል፤ ይህ አያውክም።
• ምልክት የተደረገበትን ቦታ ወደ ላይ አዙሮ፣ የውጭውን ጎማ በስተውጭ ያለውን ከንፈር ብቻ በሳሙና ውኃና በፌሮ ከቸርኬው ማላቀቅ፤ የተበሳውንም የውስጥ ጎማ ክፍል መሳብ።
• ቦታውን ማጠብ፣ ማድረቅና በሞረድ ማሻከር፤ ማስቲሽ በስሱ ቀብቶ እርጥበቱ እስኪጠፋ መቆየት፤ ጠርዙ ክብ የሆነ ለጥፍ ከመሐል ወደ ዳር እየተጫኑ መለጠፍ። በሙቀት የሚጣበቅ ለጥፍ የሚሠራ ጎሚስታ በአቅራቢያ ካለ እርሱ ይመረጣል።
• እጅን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ የውጭውን ጎማ ውስጡን መዳሰስ። የእሾህ ስባሪ ከቀረ አዲሱ ጥገና በማግስቱ ይበሳል።

ጎማው ከቸርኬው ጋር እንዲገጥም ሲነፋ ከ35 ፓውንድ ማለፍ የለበትም፤ የሚነፋውም ሰው ከጎማው ጎን ፊት ለፊት መቆም የለበትም። ከገጠመ በኋላ ነፋሱን አስተንፍሶ ውኃውን መመለስ ይቻላል። በርሜሉን ከቫልቩ ከፍ ባለ ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ ቫልቩን ወደ ላይ አድርጎ በቱቦ መሙላት፤ በየጊዜውም ቱቦውን እየነቀሉ ነፋሱን ማስወጣት ነው። ውኃው እስከ ቫልቩ ሲደርስ ጎማው 75 በመቶ ያህል ሞልቷል፤ ከዚህ በላይ አይሞላም። የቀረው ቦታ በትራክተሩ መመሪያ ልክ በነፋስ ይሞላል። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ውኃ መያዝ አለባቸው።

ውኃው ያስፈልጋልን?

ከመሙላት በፊት ማረጋገጥ ይቻላል። የኋላው ጎማ 10 ጊዜ ሲዞር ትራክተሩ ያለ ሥራ 40 ሜትር፣ እያረሰ ደግሞ 34 ሜትር ከሄደ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ከዚህ ከበለጠ ክብደት መጨመር ያስፈልጋል። ትራክተሩ ለጭነት ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ውኃውን መተው ይቻላል።

መጠገን የማይገባው

የውጭው ጎማ ክሩ ከተቆረጠ ወይም ጎኑ ካበጠ መጠገን አያዋጣም። የተበላ ቸርኬ ደግሞ ጎማው ከላዩ ሳይወልቅ ፈጽሞ አይበየድም፤ ነፋሱ ቢወጣም እንኳ ሊፈነዳና ሰው ሊገድል ይችላል።

የልማት ሠራተኞች ይህን ለትራክተር ነጂዎች በተግባር እንዲያሳዩ፣ ማኅበራትም የቫልቭ መርፌና ክዳን፣ ለጥፍ፣ ማስቲሽ፣ እንዲሁም በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር የሚከተል አንድ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ ከክረምት በፊት በመጋዘናቸው እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን።