የሒሳብ ፈተና ሲታረም፦ ተረትና እውነታ

የሒሳብ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ከተማሪም ከወላጅም አፍ የማይጠፉ አባባሎች አሉ። «መልሷ ስለተሳሳተ ዜሮ ነው»፣ «አራሚው ጨካኝ ሆኖባት ነው»፣ «ይግባኝ ብንል ይጨመርላታል»። እንዲህ በሚል ወላጅ አይፈረድም። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትኖ ያደገ ሰው የሚያውቀው የምርጫ ጥያቄን ነው፤ ማሽኑ የሚያነበው የጠቆረውን ምርጫ እንጂ በጭረት ወረቀት ላይ የተሠራውን ስሌት አይደለም። ዛሬ ግን ለንደን ውስጥ ጂሲኤስኢ ወይም ኤ ሌቭል የተባሉትን የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዎች የሚፈተን፣ አዲስ አበባም በካምብሪጅ ሥርዓት አይጂሲኤስኢ የሚወስድ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። እነዚህ ፈተናዎች የሚታረሙበት ሕግ ሌላ ነው። ሕጉን ያላወቀ ልጅ ደግሞ ሒሳቡን እያወቀ ማርክ ያጣል፤ ይህ ሊያሳዝነን ይገባል።

ስለዚህ በብዛት የሚሰሙትን ሰባት እምነቶች በእንግሊዝ የፈተና አሠራር እየመዘንን እንያቸው።

ተረት 1፦ «የመጨረሻው መልስ ከተሳሳተ ጥያቄው በሙሉ ዜሮ ነው»

እውነታው፦ ረዘም ባሉ ጥያቄዎች ላይ ማርክ የሚሰጠው ተከፋፍሎ ነው። ከጥያቄዎቹ ጋር አብሮ የሚዘጋጅ የእርማት መመሪያ አለ፤ መመሪያውም ማርኮቹን በዓይነት ይለያል። «ኤም» የሚባለው ለትክክለኛ ዘዴ የሚሰጥ ነው፤ ተማሪው መንገዱን ካወቀ፣ ስሌቱ ላይ ቢሳሳትም ያገኘዋል። «ኤ» የሚባለው በዚያ ዘዴ ለተገኘ ትክክለኛ ውጤት ነው፤ ዘዴው ከሌለ እሱም የለም። «ቢ» ደግሞ ከዘዴ ጋር ሳይያያዝ ራሱን ችሎ ለሚቆም ትክክለኛ ነገር ይሰጣል፤ ለምሳሌ ከግራፍ ላይ በትክክል ለተነበበ ቁጥር።

በምሳሌ እንየው። ጥያቄው እንዲህ ይላል እንበል፦ የአንድ ሬክታንግል ርዝመት ከወርዱ በ3 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ሀ) ወርዱን ፈልጉ፤ 5 ማርክ። ለ) ዙሪያውን ፈልጉ፤ 2 ማርክ።

አንዲት ተማሪ ወርዱን «ወ» ብላ ሰየመችና ወ × (ወ + 3) = 40 ብላ ጻፈች። እኩልታውን ማቆሟ አንድ የኤም ማርክ ያስገኝላታል። ቅንፉን አባዝታ ወ² + 3ወ − 40 = 0 ላይ ደረሰች፤ ይህም ትክክል ስለሆነ አንድ የኤ ማርክ ነው። ቀጥላ ሲባዙ −40 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጋ ወደ ሁለት ቅንፍ ልትከፍለው ሞከረች፤ ዘዴው ልክ ነውና ሌላ የኤም ማርክ። ግን እዚህ ላይ ምልክቶቹ ተቀያየሩባት። (ወ + 8)(ወ − 5) = 0 ማለት ሲገባት (ወ − 8)(ወ + 5) = 0 ብላ ጻፈች። ወርዱ 5 መሆን ሲገባው 8 ነው አለች። የቀሩትን ሁለት የኤ ማርኮች አጣች፤ ቢሆንም ከ5 ማርክ 3ቱ በእጇ ናቸው።

እዚያው ክፍል የተቀመጠ ሌላ ተማሪ በጭንቅላቱ አሰላ፤ እሱም በምልክቶቹ ተሳሳተ፤ «8» ብሎ ብቻ ጽፎ አለፈ። ያገኘው ዜሮ ነው። ምናልባት የሁለቱም ችሎታ እኩል ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳቱትም አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ልዩነቱ የእሷ ሐሳብ ወረቀቱ ላይ መኖሩ፣ የእሱ አለመኖሩ ነው። አራሚ የሚያርመው ያየውን ብቻ ነው።

ተረት 2፦ «አንዴ ከተሳሳትኩ የቀረውም ገደል ገባ»

እውነታው፦ ይህ እምነት ብዙ ልጆችን ጥያቄ በጅምር ያስተዋቸዋል። ያቺው ተማሪ ወደ «ለ» አልፋ ወርዱ 8፣ ርዝመቱ 11 ከሆነ ዙሪያው 2 × (8 + 11) = 38 ነው ብላ ጻፈች። ትክክለኛው መልስ 26 ነው። ነገር ግን የእርማት መመሪያው የቀደመውን ስህተት ተከትሎ የተሠራን ትክክለኛ ሥራ እንዲቀበል ከተዘጋጀ፣ 2ቱንም ማርክ ታገኛለች። የዙሪያን አሠራር አሳምራ ታውቃለች፤ ለምልክቱ ስህተት ደግሞ «ሀ» ላይ ተቀጥታለች። ለአንድ ጥፋት ሁለቴ መቅጣት የልጅቷን ችሎታ አሳንሶ መለካት ነው። በድምሩ ከ7 ማርክ 5 አገኘች፤ «ገደል ገባ» ብላ ብትተወው 3 ላይ ትቀር ነበር።

ልግስናው ግን ወሰን አለው። መመሪያው «ትክክለኛው መልስ ብቻ» ብሎ የሚያዝባቸው ቦታዎች አሉ። ስህተቱ ቀጣዩን ክፍል ያቀለለው ከሆነም ማርኩ ላይሰጥ ይችላል። የጥያቄውን ቁጥር አሳስቶ የገለበጠ ተማሪም የሚዳኘው በተመሳሳይ መንፈስ ነው፤ ጥያቄው ካልቀለለ ዘዴው ይታይለታል፣ ጥቂት ማርክ ይጎድልበታል።

ተረት 3፦ «መልሱ ትክክል ከሆነ ሥራውን ማሳየት ትርፍ ድካም ነው»

እውነታው፦ ግማሽ እውነት አለው። በብዙ ጥያቄዎች ላይ ትክክለኛ መልስ ብቻውን ሙሉ ማርክ ያስገኛል። ሆኖም «ሥራችሁን ማሳየት አለባችሁ» የሚል ጥያቄ ላይ ባዶውን የቆመ መልስ ማርክ ያጣል። «መሆኑን አሳዩ» በሚለው ጥያቄ ደግሞ መልሱ ቀድሞ ተጽፎ ተሰጥቷል፤ ማርኩ በሙሉ ያለው ወደዚያ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው። ተማሪው አንድ እርምጃ ቢዘል፣ ወይም ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ እንዲገጥም ቢያደርገው፣ አራሚው ያውቅበታል።

በተጨማሪ ያለ ሥራ የተጻፈ መልስ መድን የለውም። ልክ ከሆነ ሙሉ፣ ከተሳሳተ ባዶ ነው። «5» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ይሳካለታል፤ «8» ብሎ ብቻ የጻፈው ግን የሚተርፈው ነገር የለም።

ተረት 4፦ «ሒሳብ ሒሳብ ነው፤ ማንም ቢያርመው ያው ነው»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1913 ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ እምነት ፈተኑት። የአንድ ተማሪ የጂኦሜትሪ ፈተና ወረቀት አባዝተው ከ100 ለሚበልጡ መምህራን አሳረሙት። ወረቀቱ አንድ፣ ትምህርቱም «ትክክል ወይም ስህተት» የሚባልለት ሒሳብ ነው። ሆኖም ከመቶ 28 የሰጠ መምህር ነበር፤ 92 የሰጠም ነበር። ያው ወረቀት በአንዱ እጅ ይወድቃል፣ በሌላው እጅ ይሸለማል።

እንዲህ ዓይነት ልዩነት የሚመጣው ከመምህራን ክፋት አይደለም። የጋራ መመሪያ በሌለበት አንዱ ለዘዴው ማርክ ይሰጣል፣ ሌላው መልሱን ብቻ ያያል፣ ሦስተኛው ለተዝረከረከ አጻጻፍ ይቀንሳል። ሁሉም ለራሱ ሕሊና ታማኝ ሆኖ ተማሪው ግን ይበደላል።

በእንግሊዝ ይህን ለመግታት የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ዋናዎቹ አራሚዎች ተማሪዎች የጻፏቸውን እውነተኛ መልሶች ይዘው መመሪያውን ይፈትሹታል፤ ማንም ያልጠበቀው ግን ትክክል የሆነ አሠራር ካገኙ እንዴት ማርክ እንደሚያገኝ ይወስናሉ። እያንዳንዱ አራሚ ማርካቸው አስቀድሞ የተወሰነላቸውን መልሶች በማረም ይለማመዳል፤ ከተፈለገው ደረጃ ካልደረሰ እርማት አይጀምርም። ከጀመረም በኋላ ቁጥጥሩ አይላላም። አብዛኛው እርማት የሚካሄደው በኮምፒውተር ስለሆነ፣ ዋናዎቹ አራሚዎች ማርኩን የወሰኑላቸው መልሶች ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ይቀርቡለታል። የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። ከመስመር እየወጣ ከተገኘ እንዳያርም ይታገዳል፤ ቀድሞ ያረመውም እንደገና ይታያል።

ድካሙ ፍሬ አፍርቷል። ኦፍኳል የተባለው የእንግሊዝ የፈተናዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ተማሪ በሒሳብ ያገኘው ግሬድ ዋናው አራሚ ቢያርመው ከሚያገኘው ግሬድ ጋር የመግጠሙ ዕድል 96 በመቶ ገደማ ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍን አጣምሮ በሚሰጠው ፈተና ላይ ይኸው አኃዝ ወደ 52 በመቶ ይወርዳል። ሒሳብ በተፈጥሮው ለፍትሐዊ እርማት ይመቻል፤ ነገር ግን 28 እና 92 የሰጡት መምህራን ያረሙትም ሒሳብ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው መመሪያውና ቁጥጥሩ ነው።

ተረት 5፦ «ስሟን አይተው ነው የቀነሱባት»

እውነታው፦ በባዕድ አገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ይህን መስጋቱ የሚገባ ነው፤ ስጋቱን ማቃለል አይገባም። ለዚህም ነው አሠራሩን ማወቅ የሚጠቅመው። የጂሲኤስኢና የኤ ሌቭል የሒሳብ ወረቀቶች በአብዛኛው በስካነር ይነበቡና በጥያቄ በጥያቄ ተከፋፍለው ለአራሚዎች ይላካሉ። አራሚው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ያንን አንድ መልስ እንጂ የልጅቷን ስም ወይም የትምህርት ቤቷን ዝና አይደለም። የአንዲት ተማሪን ወረቀት ብዙ ሰዎች ተካፍለው ስለሚያርሙት፣ በአንድ አራሚ መክበድ ወይም መላላት ውጤቷ በሙሉ አይወሰንም።

የእጅ ጽሑፍ አለማማርም ማርክ አያስቀንስም። የሚያስቀንሰው አለመነበቡ ነው፤ 0 ይሁን 6 ካልታወቀ አራሚው ሊገምት አይችልም።

ተረት 6፦ «የሰረዝኩት አይታይም፤ ሁለት መልስ ብጽፍ ግን የተሻለውን ይወስዱልኛል»

እውነታው፦ በአመዛኙ ተቃራኒው ነው። ተማሪው አንድን ሥራ ሰርዞ ምንም ካልተካበት፣ የተሰረዘው የሚነበብ ከሆነ ይታረማል። ሌላ ሥራ ከተካበት የሚታረመው አዲሱ ነው። ሁለት የሚጋጩ መልሶችን ጽፎ ምርጫውን ለአራሚው ለሚተው ግን ሕጉ አያዝንም፤ ዝርዝሩ ከአንዱ የፈተና ድርጅት ወደ ሌላው ይለያያል እንጂ የተሻለው ይመረጥልኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ለልጆቻችን የምንነግራቸው አጭር ነው፦ የተሻለ ነገር ሳትጽፉ አትሰርዙ፤ የጻፋችሁትን የተሻለ ነገር ደግሞ ለዩት።

ተረት 7፦ «ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ይግባኝ ካልን ደግሞ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም»

እውነታው፦ የግሬዶቹ ወሰን አስቀድሞ በመቶኛ አልተተከለም። ወረቀቶቹ ከታረሙ በኋላ፣ ፈተናው ካለፉት ዓመታት ከብዶ ወይም ቀልሎ እንደሆነ ታይቶ ይወሰናል። ከ9 እስከ 1 ባለው አዲሱ የግሬድ ሥርዓት የጂሲኤስኢ የሒሳብ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠበት እ.ኤ.አ. 2017፣ ከፍተኛውን ደረጃ ወረቀት የወሰዱ ተማሪዎች ከጠቅላላው ማርክ ከሩብ ባነሰ ማለፊያ የሚባለውን ግሬድ 4 አግኝተዋል። ይህ ስጦታ አልነበረም፤ ወረቀቱ ከባድ ስለነበር ከባድ ዓመት ላይ የዋለ ተማሪ እንዳይጎዳ ነው።

ቁጥርን ብቻ ማመን ግን ወዴት እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ2020 ታይቷል። በኮሮና ምክንያት ፈተና በመቅረቱ፣ የትምህርት ቤቶችን ያለፈ ውጤት የሚመለከት ቀመር በእንግሊዝ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉ የኤ ሌቭል ግሬዶችን መምህራን ከሰጡት ግምት ዝቅ አደረገ። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ መንግሥት ቀመሩን ተወው። ልጆቹ የተበደሉት ራሳቸው በጻፉት ነገር ስላልተዳኙ ነው።

ስለ ይግባኝ ደግሞ፦ ዳግም እይታ የሚጠየቀው በትምህርት ቤቱ በኩል ሲሆን፣ ማርኩ ሊወርድም ስለሚችል ተማሪው መስማማቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ገምጋሚው ማርክ የሚለውጠው የእርማት ስህተት ካገኘ ብቻ ነው፤ «እኔ ብሆን አንድ እጨምር ነበር» ማለት አይበቃም። እውነተኛ ስህተት አለ ብሎ የሚያምን ሰው መጠየቅ መብቱ ነው፤ ዕድል ለመሞከር ሲባል ግን አያዋጣም።

ለአገር ቤትም የሚሆን ነገር

ይህን ሁሉ ለማድረግ ስካነርና ብዙ ገንዘብ የግድ ነው ብሎ ማሰብ ራሱ ሌላ ተረት ነው። በአገራችን ብሔራዊው ፈተና የምርጫ ቢሆንም፣ በየክፍሉ ወርክ አውት የሚያርም መምህር ብዙ ነው። ከማረሙ በፊት ማርኩን በእርምጃ በእርምጃ ከፋፍሎ መጻፍ፣ የሁሉንም ተማሪ ጥያቄ 1 ጨርሶ ወደ ጥያቄ 2 ማለፍ፣ ስም የተጻፈበትን ገጽ አጥፎ ማረም፣ ጥቂት ወረቀቶችን ከሥራ ባልደረባ ጋር ለየብቻ አርሞ ማነጻጸር፤ እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው። መመሪያው ከፈተናው በኋላ ለተማሪዎች ቢነበብላቸው ደግሞ የት እንደሳቱ ያያሉ፤ በሚቀጥለው ምን መጻፍ እንዳለባቸውም ይማራሉ።

ወላጅም የራሱ ድርሻ አለው። ልጁ የፈተና ወረቀት ይዞ ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ብሎ ከማቆም ይልቅ «ማርኩ የሄደው የትኛው እርምጃ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎችና የእርማት መመሪያዎቻቸው በፈተና ድርጅቶቹ በኩል ይገኛሉ፤ ልጁ የራሱን ሥራ በመመሪያው ቢያርም ኤሙን ከኤው መለየት ይለምዳል። ፍትሐዊ እርማት የሚሠራው አራሚው ሕጉን ሲያከብር፣ ተማሪውም ሐሳቡን ሳይሰስት ወረቀት ላይ ሲያሰፍር ነው። የመጀመሪያው በእጃችን አይደለም፤ ሁለተኛውን ግን ከዛሬው የቤት ሥራ ጀምረን ልናስለምዳቸው እንችላለን።