አካል ጉዳተኝነትና ግብር፦ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰዎች

«አካል ጉዳተኛ ነኝ፤ ግብር ይቀነስልኛል?» የሚል ጥያቄ ይበዛብኛል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። ግብር የሚጥለው ማን እንደሆነ የሚወስኑት ግን ከ96 እስከ 100 ያሉት አንቀጾች ናቸው፤ እነሱ ስለ አካል ጉዳት አያነሱም። በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴ የንግድ ትርፍ ግብር የክልል ነው። ሦስቱ ከተሞች በኦሮሚያ ክልል ሥር ባለችው ሸገር ከተማ ስለተጠቃለሉ ሱሉልታ ውስጥ የሚነግድ ሰው ጉዳዩ የኦሮሚያ እንጂ የአዲስ አበባ አይደለም።

እፎይታ ያለው በዝርዝር ሕግ ነው። የ1994ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ (ቁጥር 285) ከሠራተኞቹ ከ60 በመቶ በላይ አካል ጉዳተኞች የሆኑበትን ወርክሾፕ ሽያጭ ከታክስ ነፃ አድርጎ ነበር። ጥሩ ድንጋጌ፣ ግን ስንቱ ያውቀዋል? አዋጁ በቁጥር 1341/2016 ስለተተካ እንዲህ ያለ ወርክሾፕ ያላችሁ የድሮውን ወረቀት ይዛችሁ አትከራከሩ፤ አዲሱን አንብቡ።

ለብዙዎች ግን ከግብሩ በፊት ሥራው ይቀድማል። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ለዓመታት ማየት የተሳናቸውን ልጆች አስተምሯል፤ ከዚያ በኋላ ቀጣሪ ፊት መቆም አለ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 እዚህ ላይ ጠንካራ ነው፦ በአካል ጉዳትህ አድልዎ ተደረገብኝ ብለህ ስትከስ የማስረዳት ሸክሙ የቀጣሪው ነው። በር ላይ ሌላ መግቢያ ሳይኖረው ደረጃ ብቻ ያለው የሕዝብ አገልግሎት ሕንፃ ካጋጠመህ ደግሞ የሕንፃ አዋጁ ስለ አካል ጉዳተኞች የሚያዘውን ጥቀስ። ለአድልዎ ክሱ የሥራ ማስታወቂያውን፣ ያመለከትክበትን ደረሰኝና የተሰጠህን መልስ ሳትጥል ያዝ።