ሰው የሚሞላው የአስተያየት ቅጽ እንዴት ይዘጋጃል?

በቢሮ በር ላይ የተሰቀለ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችንም በቀበሌውም በሆስፒታሉም እናውቀዋለን። ሣጥኑ አለ፣ ቁልፉም አለ፤ የሚጎድለው ውስጡ የሚገባው ወረቀት ነው። እዚህ ካኩማም ቢሆን ሣጥን ባዶውን የሚከርመው ሰው የሚለው አጥቶ አይደለም። ውሃ ወረፋ ላይና ራሽን በሚታደልበት ቀን የሚነገረው ቢጻፍ ስንት ሣጥን በሞላ! ወሬው ወደ ወረቀት የማይሄደው በአብዛኛው ቅጹ ራሱ ሰው የሚያርቅ ሆኖ ስለሚዘጋጅ ነው። ስለዚህ የብሎክ መሪዎች፣ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎችና ማኅበራት ቅጽ ለማዘጋጀት ሲነሡ ሊያስቡባቸው ይገባል የምላቸውን ነገሮች እነሆ።

ከሁሉ በፊት የስም ጉዳይ ይነሣል። ብዙዎቹ ቅጾች የሚጀምሩት ስም፣ የራሽን ካርድ ቁጥርና ብሎክ በመጠየቅ ነው። ሰው ገና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ማንነቱን አስመዝግብ ሲባል «ነገ ራሽኔ ቢቆረጥስ? ፋይሌ ቢታገድስ?» ብሎ ያስባል፤ ከዚያም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። ይህ ፍርሃት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በናይሮቢ ለሦስተኛ አገር ሠፈራ ከስደተኞች ገንዘብ ይቀበል የነበረ ቡድን መኖሩን አረጋግጠው ነበር። አገልግሎቱ ግን ሁሉም በነፃ የሚሰጥ ነው። ጥፋት ተፈጸመብኝ የሚል ሰው አቤቱታው በማን እጅ እንደሚወድቅ ካላወቀ አይጽፍም።

ስለዚህ ስም ከመጨረሻው መስመር ይቀመጥ፤ አጠገቡም «ካልፈለጉ አይጻፉ» ይባል። ስሙን ያልጻፈ ሰው እንዴት መልስ ያገኛል? ቀላል ዘዴ አለው። በወረቀቱ ላይና በሚቀደደው ጠርዙ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍ። ሰውየው ጠርዙን ይዞ ይሄዳል፤ መልሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በቁጥሩ ይለጠፋል። ስም የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ይቅር። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ በዚህ ሳቢያ አንዱ ሰው በሁለት ስም ሲመዘገብ ይታያል።

ቀጥሎ የጥያቄው ነገር ነው። «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ተብሎ የተጠየቀ አበሻ መልሱ የታወቀ ነው፤ ይሉኝታ ይዞት «ተመስገን ነው» ይላል። ከዚህ መልስ ማንም ምንም አይማርም። በዚህ ፈንታ «ባለፈው ሳምንት ውሃ ለመቅዳት ምን ያህል ጊዜ ቆሙ? በየትኛው ቦኖ?» ቢባል ይሉኝታም አይገባበትም፤ ቦኖውም ይታወቃል። ሦስት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችና ሐሳብ የሚጻፍበት አራት አምስት ባዶ መስመር ይበቃሉ። የእጅ ጽሑፌ ይታወቅብኛል ብሎ የሚሠጋም አለና መልሶቹ በምልክት ብቻ የሚሞሉ ቢሆኑ ይመረጣል።

ቋንቋውም የሰፈሩ ሰው የሚናገረው ይሁን። የማታ ተማሪዎቼ «የአገልግሎት አሰጣጥ ጥራት» የሚለውን ሐረግ ደጋግመው አንብበው «ጋሼ፣ ምን ማለት ነው?» ብለውኛል። ሰዓት ሲጠየቅ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ያልነው በእንግሊዝኛ 9 ስለሆነ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ቅጹ ላይ ይገለጽ። (ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ ስለሚቆጥሩ ከነሱ ጋር እንግባባለን፤ የሚደናገረው ቢሮው ነው።) ቀኑም እንደዚሁ፤ የኢትዮጵያ ወር ከፈረንጁ ጋር ከተደባለቀ አቤቱታው ያልሆነ ቀን ላይ ይፈለጋል።

በተራ ሣጥን መግባት የሌለበት ጉዳይም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት መመሪያ የድርጅቱ ሠራተኛ ገንዘብ፣ ሥራ ወይም እርዳታ ሰጥቶ በምላሹ ወሲብ መጠየቅ የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ በደል የደረሰባት ሴት ወረቀቷ ኮሚቴ ፊት እንዲነበብ አትሻም። ስለዚህ ከቅጹ አናት ላይ እንዲህ ያለው ጉዳይ ለማን በአካል ወይም በታሸገ ፖስታ እንደሚሰጥ በጉልህ ይጻፍ።

ሣጥኑ ከዘበኛው አጠገብ አይሰቀል። ሰው ለሌላ ጉዳይ በሚያልፍበት ቦታ ይሁን። የሚከፍቱት ቅሬታው የማይመለከታቸው ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ የሚከፈትበት ቀንም አስቀድሞ ይነገር። መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ከነምክንያቱ ይለጠፍ። አንድ ወር ሙሉ ዝም የተባለ ሣጥን ሁለተኛ ወረቀት አይገባበትም።

ፎቶ ኮፒ ከመባዛቱ በፊት ቅጹን ለአምስት ሰዎች ሰጥቶ ማስሞላት ይጠቅማል። ከነሱ አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ይሁኑ። አጠገባቸው ተቀምጦ ማስረዳት ግን አይገባም፤ እርሳቸው የቆሙበትን ቃል ምልክት አድርጎ መለወጥ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ የሚጽፍላቸውን ሰው ራሳቸው ይምረጡ፤ ልጃቸውም ጎረቤታቸውም ሊሆን ይችላል። እስክሪብቶውንም በገመድ አስሮ ሣጥኑ ላይ ማንጠልጠል ነው፤ አለዚያ በሁለተኛው ቀን አይገኝም።