«ተዘረፈ!» ከማለታችን በፊት፦ ቦክስን ዙር በዙር እንዴት እንቁጠር?

እሁድ ጠዋት ፒያሳ አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ከላስ ቬጋስ የሚተላለፍ ቦክስ አይታችሁ ከሆነ፣ ጨዋታው በነጥብ ሲያልቅ የሚፈጠረውን ታውቁታላችሁ። የዳኞቹ ውጤት ተነቦ ሳያልቅ ግማሹ ቤት «ተዘረፈ!» ብሎ ይነሳል። ሌላው ግማሽ «አንተ ምን ስታይ ነበር?» ይላል። ክርክሩ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ይቆይና ከሰዓት ቲክቶክ ላይ ይቀጥላል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስንት ዙር ለማን ሰጠህ?» አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ዝም ይላል። ጨዋታውን አይቷል፣ ዙሮቹን ግን አልቆጠረም። ዳኞቹ ደግሞ የሚፈርዱት በዙር ነው።

እኛ የዚህ ገጽ ልጆች ከጓደኞቻችን ጋር የድሮ ቦክስ ከዩቲዩብ አውጥተን ነጥብ መያዝ ከጀመርን ቆየን። ከመሃላችን ዶሮ ማነቂያ ያደጉ አሉ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ገላን ሆኗል። እንደ ድሮው አንድ ስክሪን ዙሪያ መሰብሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ያንኑ ጨዋታ በየቤታችን እናይና ካርዳችንን ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን። ክርክሩ አልቀረም፤ አሁን ግን «ዙር 5ን እንዴት ለእሱ ትሰጣለህ?» እየተባባልን ነው የምንከራከረው።

ሕጉ በአጭሩ

በፕሮፌሽናል ቦክስ ሦስት የነጥብ ዳኞች ሪንጉ ዳር በተለያየ አቅጣጫ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ዙሩን ላሸነፈው 10፣ ለተሸነፈው 9 ይሰጣሉ። አንዱ ተመትቶ ከወደቀና ዙሩን ከተሸነፈ ብዙ ጊዜ 10 ለ 8 ይሆናል። ሁለቴ ከወደቀ 10 ለ 7። ዳኛው እኩል ነበሩ ብሎ ካመነ 10 ለ 10 መስጠት ይችላል፤ ግን ብዙም አይወደድም። በጥፋት የሚቀነስ ነጥብ ካለ የመሃል ዳኛው ያዛል።

ዙሩን ማን አሸነፈ የሚባለው በአራት ነገር ነው።

1. ንጹህ ምት። በጓንቱ ፊት ለፊት፣ ፊት ላይ ወይም ከቀበቶ በላይ ሆድና ጎን ላይ በትክክል ያረፈ። ክንድና ጓንት ላይ ያረፈው አይቆጠርም። ከሁሉም ትልቁ ይሄ ነው።
2. ፍሬ ያለው ማጥቃት። ወደ ፊት መሄድ ብቻውን ነጥብ አይደለም። እየሄደ የሚመታው እሱ ነው ወይስ እየተመታ ነው የሚሄደው?
3. ሪንጉን መቆጣጠር። ጨዋታው በማን ፍላጎት፣ በማን ርቀት እየሄደ ነው?
4. መከላከል። መሸሽ ሳይሆን ምቱን ማሳትና ማምከን።

12 ትንንሽ ጨዋታ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ዙር ሲዘጋ ተዘጋ፤ ብልጫው ወደ ቀጣዩ አይሻገርም። ልክ እንደ ፕሪሚየር ሊግ ነው። አርሰናል 1 ለ 0 ቢያሸንፍም 5 ለ 0 ቢያሸንፍም የሚያገኘው ሦስት ነጥብ ነው። ቦክስ ላይም በአንድ ጃብ ልዩነት የተሸነፈ ዙርና ሳይወድቅ ሦስት ደቂቃ ሙሉ የተደበደበበት ዙር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም 10 ለ 9 ናቸው።

ስለዚህ አንድ ቦክሰኛ 7 ዙር በጠባብ አሸንፎ፣ 5 ዙር ክፉኛ ተመትቶ፣ ፊቱ አብጦ 115 ለ 113 ሊያሸንፍ ይችላል። ፊቱን ያየ ሰው «ተዘረፈ» ይላል። ካርዱ ግን ልክ ነው።

መውደቅና የነጥብ ቅነሳ በሌለበት የ12 ዙር ጨዋታ ቁጥሮቹን እንዲህ አንብቧቸው፦ 115 ለ 113 ማለት 7 ዙር ለ 5፣ 116 ለ 112 ማለት 8 ለ 4፣ 118 ለ 110 ማለት 10 ለ 2 ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2015 ሜይዌዘር ፓኪያኦን ሲያሸንፍ ሁለት ዳኞች 116 ለ 112፣ አንዱ 118 ለ 110 ሰጥተው ነበር። ፓኪያኦ ተዘርፏል የምትሉ ከሆነ፣ በሁለቱ ዳኞች ካርድ እንኳን እንዲያሸንፍ ሦስት ተጨማሪ ዙር ያስፈልገው ነበር። የትኞቹ ሦስት?

መውደቅ ሂሳቡን ሲቀይር

ታይሰን ፉሪና ዲዮንቴ ዋይልደር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ሎስ አንጀለስ ላይ ያደረጉት የመጀመሪያ ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ፉሪ ብዙውን ጊዜ የበላይ ነበር፤ ግን በ9ኛውና በ12ኛው ዙር ወደቀ። ውጤቱ፦ አንዱ ዳኛ 115 ለ 111 ለዋይልደር፣ አንዱ 114 ለ 112 ለፉሪ፣ ሦስተኛው 113 ለ 113። አቻ ወጡ።

ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። ፉሪ 7 ዙር፣ ዋይልደር 5 ዙር አሸነፉ እንበል። ዋይልደር ካሸነፋቸው ሁለቱ 10 ለ 8 ናቸው። ፉሪ፦ 70 ሲደመር 27 ሲደመር 16፣ 113። ዋይልደር፦ 50 ሲደመር 63፣ 113። አያችሁ? በዚህ ካርድ ፉሪ ብዙ ዙር አሸንፎም አቻ ነው የወጣው። ዳኛው አልተኛም፤ ሂሳቡ ነው። 8 ዙር ለ 4 ብትሰጡት ደግሞ 114 ለ 112 ያሸንፋል። በአንድ ዙር ልዩነት ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ጩኸት።

ዓይን እንዴት ይታለላል?

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1987 ሹገር ሬይ ሌናርድ ከማርቪን ሃግለር ጋር ላስ ቬጋስ ላይ ተጫወተ። ሌናርድ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ሪንግ ላይ አልወጣም ነበር። ሃግለር ግራኝ ነው፤ ግን መጀመሪያ ላይ እንደ ቀኝ ተጫዋች ቆሞ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች አመለጡት። ከዚያ በኋላ ሙሉ ጨዋታ ወደ ፊት የሚሄደው ሃግለር ነው። ሌናርድ ይዞራል፣ ይሸሻል፣ ከዚያ ዙሩ ሊያልቅ ሲል በፍጥነት ቡጢ ያዘንባል። የሰው ጆሮና ዓይን ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ነገር ነው። ደወል ሲደወል ሕዝቡ እየጮኸ ያለው ለሌናርድ ነው።

ዳኞቹ፦ አንዱ 115 ለ 113 ለሃግለር፣ አንዱ 115 ለ 113 ለሌናርድ፣ ሦስተኛው 118 ለ 110 ለሌናርድ። ሌናርድ በተከፋፈለ ድምፅ አሸነፈ። ሃግለር ከዚያ በኋላ ሪንግ ላይ አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. 2021 እስኪሞት ድረስም አሸንፌያለሁ እንዳለ ነው። ከእኛ መሃልም እስካሁን አልተስማማንም። ሁለቱም 115 ለ 113 ካርዶች መከላከያ አላቸው። 10 ዙር ለ 2 የሚለውን ግን ከእኛ ውስጥ አንድም ሰው አልደረሰበትም።

ተቃራኒው ደግሞ አለ። ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እዚህ ንጉሡ ከሥልጣን ከወረዱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኪንሻሳ ላይ መሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ተገናኙ። ሁሉም ሰው የሚያወራው አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ ሲደበደብ ቆይቶ በ8ኛው ዙር በዝረራ እንዳሸነፈ ነው። ካርዱን ብታዩት ግን እስከዚያ ድረስ በሦስቱም ዳኞች የሚመራው አሊ ነበር። ምክንያቱ የመጀመሪያው ሕግ ነው። የፎርማን ከባድ ቡጢ አብዛኛው ክንድ ላይ ነው ያረፈው። የአሊ ቀጥተኛ ምት ግን ፊት ላይ። ድምፁን ዘግታችሁ እንደገና እዩት፤ ሌላ ጨዋታ ነው የሚመስለው።

ከድሮ ጨዋታ በፊት ሕጉን እወቁ

የዛሬውን ሕግ ይዘን የድሮውን ዳኛ መስደብ አይሆንም። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የዓለም ሻምፒዮና 15 ዙር ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1982 ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ተጫውቶ በ14ኛው ዙር በዝረራ ከተሸነፈ በኋላ ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ ነው ወደ 12 ዙር መውረድ የተጀመረው።

ኒው ዮርክ ደግሞ በአንድ ወቅት በነጥብ ሳይሆን በዙር ብዛት ትቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 1971 ጆ ፍሬዘር አሊን ሲያሸንፍ ካርዶቹ 8 ለ 6 ከአንድ አቻ፣ 9 ለ 6 እና 11 ለ 4 ነበሩ። ፍሬዘር በ15ኛው ዙር አሊን መሬት ላይ ጣለው፤ በዚያ አቆጣጠር ግን ያም አንድ ዙር ብቻ ነው።

እኛ እንዴት ነው የምንይዘው?

አንደኛ፣ ውጤቱን የማታውቁትን ጨዋታ ምረጡ። ካወቃችሁም የዳኞቹን ካርድ አትክፈቱ።

ሁለተኛ፣ ድምፁን ዝጉ። ኮሜንታተሩ የሚወደውን ሲያሞግስ ሳታውቁት ብዕራችሁ ይከተለዋል።

ሦስተኛ፣ ሃይላይት አይሆንም። 12 ዙር ከእረፍቱ ጋር 47 ደቂቃ ነው። ዳታ ካሳሰባችሁ ጥራቱን ወደ 360 አውርዱ። ሃይላይት የሚያሳያችሁ የቆረጠው ሰው የመረጠውን ነው።

አራተኛ፣ በዙሮች መሃል ባለው አንድ ደቂቃ ውስጥ ጻፉ። ቀጣዩ ዙር ከተጀመረ በኋላ መሰረዝ ክልክል። መጨረሻውን አይቶ መጀመሪያውን ማስተካከል ቀልድ ነው።

አምስተኛ፣ ለማን እንደምትሰጡ ያመነታችሁበት ዙር ላይ ኮከብ አድርጉበት።

ኮከቡ ነው ዋናው። ሲያልቅ ደምሩና ኮከብ ያለባቸውን ዙሮች ለሌላኛው ስጡ። ለምሳሌ 7 ለ 5 ሰጥታችሁት ከ7ቱ ሦስቱ ኮከብ ካላቸው፣ ሁለቱ ብቻ ቢገለበጡ ያሸነፈው ይሸነፋል። ይሄ ጠባብ ጨዋታ ነው፤ ዳኛው በተቃራኒው ቢፈርድ ሌባ አይባልም። ኮከቦቹን በሙሉ ገልብጣችሁ እንኳን የእናንተ ሰው ካሸነፈ፣ ዳኞቹ ግን ለሌላው ከሰጡ፣ ያኔ «ተዘረፈ» በሉ። በሙሉ አፋችሁ።

ዝርፊያ የለም ማለት አይደለም

አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1999 ኒው ዮርክ ላይ ሌኖክስ ሉዊስና ኢቫንደር ሆሊፊልድ አቻ ተባሉ። በኮምፒዩቦክስ ቆጠራ ሉዊስ 348፣ ሆሊፊልድ 130 ምት ነው ያሳረፉት። አንዷ ዳኛ 115 ለ 113 ለሆሊፊልድ ሰጠች። ሰው ያንን ውሳኔ ሊሞግት የቻለው ስለጮኸ አይደለም። ዙር 5ን ስላወጣ ነው። ሉዊስ ሆሊፊልድን ገመድ ላይ አስደግፎ የደበደበበት ዙር ነው፤ ዳኛዋ ለሆሊፊልድ ነበር የሰጠችው።

የሴኡል ኦሊምፒክ የባሰ ነው። ኢትዮጵያ ያንን ውድድር ባለመሳተፍ ተቃውማ ስለነበር የእኛ ልጆች አልነበሩበትም። በፍጻሜው የ19 ዓመቱ ሮይ ጆንስ 86 ምት፣ ደቡብ ኮሪያዊው ፓርክ ሲ ሁን 32 አሳረፉ። ዳኞቹ 3 ለ 2 ለፓርክ ሰጡ። ከዚያ በኋላ የአማተር ቦክስ አቆጣጠር ተቀየረ። ከ1992 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በነበሩት ኦሊምፒኮች ከአምስት ዳኞች ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቁልፍ ካልተጫኑ ምቱ አይቆጠርም ነበር። ያም ጨዋታውን ወደ ምት ለቀማ ስለቀየረው በ2013 ወደ 10 ነጥብ ሕግ ተዛወሩ።

ይሄ ለእኛ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። የሰፈራችን ቦክሰኛ የሚጫወተው በአማተር ሕግ ነው፤ ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። ሁለት ዙር የወሰደ አብዛኛውን ጊዜ ጨረሰ። በዚያች ዘጠኝ ደቂቃ ላይ የክለብ ደሞዝና የብሔራዊ ቡድን ጥሪ ሊንጠለጠል ይችላል። ደጋፊው በተሸነፈ ቁጥር «ተበላን!» የሚል ከሆነ ግን፣ ልጁ እውነት የተበላ ቀን ማን ይሰማዋል? ካርድ ይዞ «ዙር 2ን በምን ሰጣችሁት?» የሚል አሥር ሰው ሪንጉ ዳር ቢቀመጥ ዳኛውም ያውቀዋል።

ለዚህ ሳምንት ሃግለርና ሌናርድን ይዘናል። ድምፅ ዝጉ፣ 12 መስመር ጻፉ፣ ኮከባችሁን አትርሱ። ካርዳችሁን ላኩልን፤ የእኛን እሁድ እንለጥፋለን።