የልጄ መኪና እና የእኔ ቤንዚን

ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ልጃችንን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ሄጄ ሦስት ወር ተቀምጬ ነበር። አሌክሳንድሪያ ከሚገኘው ቤቱ እንደደረስን ጋራዡ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ካርቶን አየሁና "ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። "አባዬ፣ አሁን ደክሞሃል፤ ነገ እነግርሃለሁ" አለኝ። በእኛ ቤት "ነገ እነግርሃለሁ" ከተባለ ገንዘብ ወጥቷል ማለት ነው።

በእርግጥም ወጥቷል። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ሱፐርቻርጀር የሚባል ዕቃ ነው። ልጄ በፈረንጆቹ 2017 የተሠራች ባለ ሁለት በር ቶዮታ 86 አለችው፤ ስፖርት መኪና ናት። ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው 205 የፈረስ ጉልበት አልበቃው ብሎ፣ ሁለት ዓመት ቆጥቦ ዕቃውን ገዛ። እናቱ በስልክ ስትሰማ "እኛ ትዳር ይይዛል ስንል እሱ መኪና አገባ" አለች። እኔን ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ፍጥነቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ተጎትተው ከመጡ መኪኖች ውስጥ የወጣት ልጅ አንድ እግር ጫማ ያነሳሁባቸው ቀናት አሉ።

"29 ዓመትህ ነው፤ ልከልክልህ አልችልም። ስትገጥመው ግን አብሬህ ልሁን" አልኩት። ደስ አለው።

ዕቃው ምን ይሠራል?

ሞተር የሚሠራው በአየርና በቤንዚን ድብልቅ ነው። የሚገባው አየር በበዛ ቁጥር ብዙ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ሱፐርቻርጀር አየሩ በራሱ እስኪገባ አይጠብቅም፤ ጨምቆ ይገፋዋል። አገራችን በጭነት መኪኖችና በላንድክሩዘሮች ላይ የምናውቀው ተርቦም ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ተርቦን የሚያሽከረክረው የጭስ ግፊት ሲሆን ሱፐርቻርጀርን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ ፑሌጃ የሚመጣ ቺንጋ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከኋላቸው "ኮምፕሬሰር" ተብሎ የተጻፈባቸው መርሴዲሶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ዕቃ ነው። መርሴዲስ ይህ ዕቃ የተገጠመላቸውን መኪኖች በርሊን ላይ ለሕዝብ ያሳየው በ1921 ስለሆነ፣ ነገሩ የዛሬ ልጆች ፈጠራ አይደለም።

የአየርን ነገር አዲስ አበባ የኖረ መካኒክ ደህና አድርጎ ያውቀዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ የአየሯ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቮልስ ስናስተካክል ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ትንሽ እናስቀድመው ነበር፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ይችለዋል። ያቺው ቮልስ ናዝሬትን አልፋ ወደ አዋሽ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ ነዳጅ ጫን ሲደረግ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ድምፁ ጣሳ ውስጥ ጠጠር አድርጎ እንደ መነቅነቅ ነው። የካንዴላው እሳት ገና ያልደረሰው ድብልቅ በሙቀትና በግፊት ብዛት በገዛ ራሱ እየፈነዳ ነው ማለት ነው። ያንን ድምፅ እየሰማ ዝም ብሎ የሚነዳ ሰው ፒስተን ያስበሳል።

ሁለት ቅዳሜና እሑድ

ኮፈኑን ስንከፍት ሳቄ መጣ። የቶዮታ 86 ሞተር ሱባሩ የሠራው ሲሆን፣ እንደ ቮልስ አራቱ ፒስተኖች በግራና በቀኝ የተጋደሙበት ነው። "ይህችንማ አውቃታለሁ" አልኩት። የማላውቀው ግን ብዙ ነበር። የቮልስ ሞተር ድብልቁን የሚጨምቀው ሰባት እጥፍ ገደማ ነው፤ ይህኛው 12.5 እጥፍ ይጨምቃል። ሱፐርቻርጀሩ ደግሞ በዚያ ላይ 6 ፒኤስአይ ይጨምራል። ጎሚስታ ቤት 6 ፒኤስአይ ምንም አይደለም፤ ለሞተር ግን በባሕር ዳርቻው አየር ላይ 40 በመቶ ያህል ግፊት መጨመር ነው።

ፓራውልቱን አውርደን ከራዲያተሩ ፊት ኢንተርኩለር ገጠምን። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ማንኳኳት ያመጣል፤ ስለዚህ ሞተር ከመግባቱ በፊት መቀዝቀዝ አለበት። ሱፐርቻርጀሩን በቦታው አስቀምጠን ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ በልካቸው አጠበቅን፤ ረዘም ያለውን ቺንጋ አስገባን፤ ኢንጀክተሮቹን አብረው በመጡት ትልልቆች ተካን። ካንዴላዎቹን ሙቀት ቶሎ በሚያስወጡ ቀየርን። በተጋደመ ሞተር ላይ ካንዴላ በጎን በኩል ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ፣ ያንን ሥራ ልጄ ለእኔ ተወልኝ። "አባዬ፣ እጅህ ያለ መብራት ያያል" አለኝ። ከሠላሳ ዓመት ደመወዜ ያንን ቃል እመርጣለሁ።

ሥራው ያለቀ መስሎኝ እጄን ስታጠብ "ገና ግማሹ ነው" አለኝ። ቮልስ ላይ ዲስትሪቢዩተሩን በእጃችን አዙረን በጆሯችን የምናስተካክለውን፣ እዚህ የሚያደርገው የመኪናዋ ኮምፒውተር ነው። ብዙ አየር እንደሚመጣ ካልተነገረው በቂ ቤንዚን አይሰጥም። በዝግታ ሲነዳ ለ14.7 ኪሎ አየር አንድ ኪሎ ቤንዚን ይበቃል። ሱፐርቻርጀሩ ሲገፋ ግን ለ12 ኪሎ አየር፣ አንዳንዴም ከዚያ ላነሰ፣ አንድ ኪሎ ቤንዚን ያስፈልጋል፤ ትርፉ ቤንዚን ሞተሩን ያቀዘቅዛል። የካንዴላውም እሳት ዘግየት ማለት አለበት። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ባለሙያ ለጊዜው የሚሆን ፕሮግራም ልኮ በላፕቶፕ ተጫነ። የመጨረሻው ማስተካከያ የሚሠራው ዳይኖ በሚባለው የመኪና ጉልበት መለኪያ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ በርጋታ ብቻ ይነዳል።

ውለታዬ

በሳምንቱ መካከል ልጄ ሥራ ሲሄድ እንጀራ ልገዛ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። ቤንዚኗ አንሶ ስላየሁ ሞልቼ ላስደስተው አሰብኩ። ማደያው ላይ 87፣ 89 እና 93 የሚሉ ሦስት ቁልፎች አሉ፤ ዋጋቸው ይለያያል። እኛ አገር ቤንዚን ሁሉ ቤንዚን ነው ብዬ ርካሹን 87 ሞላሁ። ሰርባቶዮው መክደኛ አጠገብ የተጻፈውን ለማንበብ መነጽሬን አላደረግሁም።

ያ ቁጥር ኦክቴን ነው፤ ቤንዚኑ በገዛ ራሱ ከመፈንዳት ምን ያህል እንደሚታገሥ ይናገራል። ለተራ መኪና 87 ይበቃል። ለዚያች መኪና ግን የአዋሽን መንገድ ሰርባቶዮ ውስጥ መጨመር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዳይኖው ጉዞ ጀመርን። ወደ ዋናው አውራ ጎዳና መግቢያ ላይ ልጄ ነዳጁን ትንሽ ጫን ሲያደርግ ጠጠሩን በጣሳው ሰማሁት። "እግርህን አንሳ!" ብዬ ጮኽኩ። በልጅነቱ እንኳ እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም። አነሳ። "ኮምፒውተሩ እኮ ይሰማል፤ ራሱ ያስተካክለዋል" አለኝ። "እኔም ሰምቻለሁ፤ ውጣና አቁም" አልኩት።

ቆመን ላፕቶፑን ከፈተ። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ማንኳኳት ሰምቶ እሳቱን ደጋግሞ ወደ ኋላ ጎትቶታል። ልጄ ፊቱ ተለወጠ። "የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ። ኢንጀክተሩ ይሆን? ወይስ ያላጠበቅሁት ነገር አለ?" እያለ የሠራውን አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር። የሁለት ዓመት ላቡ በእጁ እንደተበላሸ ነው የቆጠረው።

እኔ ግን ገብቶኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ለአፍታ ዝም ልል አስቤ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ጥንቃቄ የሰበክሁት እኔ ነኝ። ያንን ፊቱን እያየሁ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። "አንተ አልተሳሳትክም። ረቡዕ ዕለት ቤንዚን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ርካሹን" አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "አባዬ፣ ቁልፉን ስሰጥህ መንገር ነበረብኝ" አለ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ የእፎይታ ነበር።

በዝግታ ነድተን ደረስን። ያ ቤንዚን ተቀድቶ ወጣና 93 ተሞላ። ባለሙያው በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ አስገብቶ ፒስተኖቹን አየ፤ ደህና ነበሩ። መኪናዋ ሮለር ላይ ታስራ ደጋግማ ተፈተነች፤ በየመሃሉ ባለሙያው ቤንዚኑንና እሳቱን ጥቂት በጥቂት ያስተካክላል። ከመገጠሙ በፊት ጎማ ላይ 168 የነበረው የፈረስ ጉልበት 236 ደረሰ። ባለሙያው ፑሌጃውን በትንሽ ቢቀይረው ሱፐርቻርጀሩ ፈጥኖ እየዞረ ሌላ 20 ያህል ሊጨምር እንደሚችል ነገረው። ልጄ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ምንም አላልኩም። "አይ፣ ይብቃኝ። እንዲያውም ለሞቃት ቀን መጠባበቂያ የሚሆን ሁለት ዲግሪ እሳት ወደ ኋላ ተውልኝ" አለው። የዚያን ዕለት ማታ ለእናቱ ስደውል "አትስጊ" ያልኳት ለማጽናናት ብዬ አልነበረም።

ልጃቸው እንዲህ ያለ ሥራ ለጀመረ ወላጆች

"ስንት ፈረስ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ማን ያስተካክለዋል? ፍሬኑና ጎማውስ ጉልበቱን ይችላል? ኢንሹራንሱ ያውቃል? የት ልትነዳው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት ሳይሆን እስከ 12 ወር የሚያሳስር ወንጀል ነው። ከልጄ ጋር የተስማማነው መኪናዋን በሙሉ ጉልበቷ የሚነዳት ለዚሁ በተሠራው በዌስት ቨርጂኒያው የሰሚት ፖይንት መወዳደሪያ ብቻ እንዲሆን ነው። እስካሁን ቃሉን ጠብቋል።

መኪናዋን ለሌላ ሰው ሲሰጥ ምን ቤንዚን እንደሚሞላ ይንገር። እናንተም መነጽራችሁን አድርጉ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ልጄ በየወሩ አንዴ በቴሌግራም የሞተሩን ድምፅ ቀድቶ ይልክልኛል። "አባዬ፣ ስማው" ይላል። ባለቤቴ ቡና እየቆላች "አሁን ይህ ምኑ ይሰማል?" ትለኛለች። ጆሮዬን አስጠግቼ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ። ጠጠር የለበትም።