ክትፎ ሲበስልም ክትፎ ነው

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ክትፎ ነው። «ክትፎን ደግሞ ማን የማያውቅ አለ?» እንደምትሉ ይገባኛል። መብላቱን ሁላችንም እናውቅበታለን። ነገር ግን ስሙ ከምን እንደመጣ፣ ለእኛ ለልጆች ለምን በስሎ መቅረብ እንዳለበት፣ ከውስጡ የትኛው ቅመም ከካፋ ጫካ እንደሚወጣ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይህን ርዕስ የመረጥኩት በዓል በመጣ ቁጥር በየቤቱ በሚነሳ ክርክር ምክንያት ነው። «ለልጆቹ በደንብ ይብሰልላቸው» ሲባል ከትልልቆቹ አንዱ «ጥሬ ካልሆነ ምኑን ክትፎ ሆነ!» ይላል። እኛም ጎበዝ ለመባል ስንል ጥሬውን እንጎርሳለን። ልክ የሆነው የትኛው ነው? ቀስ ብለን እንየው።

ስሙ ከየት መጣ?

«ክትፎ» የሚለው ቃል «ከተፈ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ጎመን ይከተፋል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ሥጋም ይከተፋል። ቃሉ ስለ ቢላዋው ሥራ እንጂ ስለ እሳቱ የሚናገረው ነገር የለም። ጥሬ መሆን አለበት የሚል ነገር በስሙ ውስጥ ፈጽሞ አታገኙም። ደግሞ ምግብ ቤት ገብቶ ክትፎ ያዘዘ ሰው «ጥሬ ይሁን፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለብለብ ማለት እሳት ነካ ተደርጎ የሚወጣው ነው። እንግዲህ የበሰለው ክትፎ ባይሆን ኖሮ ለምን ይጠይቁናል?

ክትፎ በይበልጥ የሚታወቀው በጉራጌ ሕዝብ ባህል ነው። በተለይ ለመስቀል በዓል ከቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ይቀርባል። ቆጮ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በካፋ እንሰት የሌለበት ጓሮ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ምግቡ የጉራጌ ቢሆንም ግማሹ እኛም ጓሮ ይበቅላል ማለት ነው።

በቆጮ ጠቅልሎ መብላቱን ካሰብነው ሳንድዊች ከሚባለው ነገር ጋር ይመሳሰላል። በአሜሪካ አዮዋ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ መስካቲን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ፍሬድ ኤንጅል የሚባል ሥጋ ሻጭ በ1926 እ.ኤ.አ. «ሜድ ራይት» የተባለ ቤት ከፈተ። የሚሸጠው የተፈጨ የበሬ ሥጋ ነበር፤ ግን እንደ በርገር ተጠፍጥፎ አይጠበስም። እንደተበተነ ይበስልና ክብ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ሲበሉት ስለሚፈረፈር ማንኪያ አብሮ ይቀርባል አሉ። ደቃቅ ሥጋ፣ ቅመምና የሚይዘው ነገር፤ የእኛም ክትፎ በቆጮ እንዲሁ ነው። የእነሱ ግን ሁልጊዜ በስሎ ነው የሚቀርበው።

ለምን ይብሰል?

ሁለት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የኮሶ ትል ነው። ይህ ትል ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ከብት፣ ሁለተኛው ሰው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሎቹ ሣሩ ላይ ይቀራሉ። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉ ሆዱ ይገባል። ከዚያ ወደ ሥጋው ሄዶ እንደ ሩዝ ፍሬ የምታህል ከረጢት ይሠራል። ያንን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ከረጢቷ ትፈታና ትል ይሆናል። ርዝመቱ ብዙ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የምንበላውን ምግብ ይሻማናል፣ ሆድ ያሳምማል፣ አንዳንዴም ቁርጥራጩ ከሰገራ ጋር ይወጣል።

ይህንን ክብ ሰንሰለት በሁለት ቦታ መቁረጥ ይቻላል። አንዱ በሽንት ቤት መጠቀም ነው፤ እንቁላሉ ሣር ላይ አይደርስም። ሌላው ሥጋን ማብሰል ነው፤ ከረጢቷ በእሳት ትሞታለች። ሁለቱም በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው።

ድሮ ሰዎች ለዚህ ትል የኮሶ ዛፍ አበባ እየጠጡ ይታከሙ ነበር። ዛፉና ትሉ በአንድ ስም የሚጠሩት ለዚህ ነው። ነገር ግን የኮሶ መድኃኒት መጠኑ ከበዛ ሰውን ይጎዳል። ዛሬ በጤና ጣቢያ ክኒን ስላለ ምልክቱን ያየ ልጅ ሳያፍር ለወላጆቹ ነግሮ ወደዚያ ይሂድ።

ሁለተኛው ምክንያት በዓይን የማይታዩት ተሕዋስያን ናቸው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ባክቴሪያ የምንላቸው ማለት ነው። ሥጋው ሙሉ ሙዳ ሆኖ ሳለ ባክቴሪያው የሚቀመጠው በአብዛኛው ከላይ ከላዩ ነው። ስንከትፈው ግን የላዩን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ላይ እናደባልቀዋለን። ስለዚህ የተከተፈ ሥጋ ከሙዳው ይበልጥ መብሰል ይፈልጋል። የሙቀት መለኪያ የሚጠቀሙ ሰዎች የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲደርስ ያደርጋሉ። እኛ ቤት መለኪያው ባይኖርም ዓይናችን ይረዳናል፤ ቀይ ቀለም ፈጽሞ እስኪጠፋና የሚወጣው ውሃ ደም መምሰሉን እስኪተው እናበስላለን።

«ሚጥሚጣው ይገድለዋል» የሚሉ አሉ። ሚጥሚጣ ምላስ ያቃጥላል እንጂ ትል አያበስልም። ሥጋ የሚያበስለው እሳት ብቻ ነው።

ታዲያ ጣዕሙ አይጠፋም?

አይጠፋም! ምክንያቱም ክትፎን ክትፎ የሚያሰኘው ጣዕም አብዛኛው የሚመጣው ከንጥር ቅቤውና ከሚጥሚጣው ነው። በሁለቱም ውስጥ ደግሞ ኮረሪማ አለ።

ኮረሪማን በደንብ እንወቀው። የዝንጅብል ዘመድ ነው። ጥላ ስለሚወድ ትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ፍሬው የሚወጣው ከግንዱ ሥር መሬት አካባቢ ሲሆን ሲበስል ይቀላል። ከዚያ ደርቆ በክር እየተሰካ ገበያ ላይ ይሸጣል። በቡናችን የታወቀው የካፋ ጫካ የኮረሪማም ቤት ነው። ይህ ጫካ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ዛፉ ከተቆረጠ ጥላው ይሄዳል፤ ጥላው ከሄደ ኮረሪማው ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ክትፎ የሚበላ ሰውም ሳያውቀው የእኛን ጫካ እየቀመሰ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ልጆች ኮረሪማንና ሄልን አንድ ያደርጓቸዋል። ዘመዳማች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሄል ትንሽና አረንጓዴ ነው፤ ኮረሪማ ግን ተለቅ ያለና ቡናማ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ5 ሰው)

ግማሽ ኪሎ ጮማና ጅማት የሌለው ቀይ የበሬ ሥጋ
4 የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ (ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ቢሆን ይመረጣል)
1 የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ (ለልጆች ግማሹ ይበቃል)
ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈለፈለና የተወቀጠ ኮረሪማ
ጨው እንደ ሚጥሚጣው (ሚጥሚጣው ውስጥ ጨው ካለ ይቀነስ)
የተጋገረ ቆጮ፣ አይብና የተቀቀለ ጎመን

ሥጋ ውድ ነው፣ እውነት ነው። ግን በቆጮ፣ በአይብና በጎመን ሲታገዝ ግማሽ ኪሎ ቤተሰብ ያዳርሳል። የተመረመረና ማኅተም ያለበት ሥጋ መግዛት ይሻላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየእምነቱ ከታረደው ይገዛል፤ አሠራሩ አንድ ነው። በጾም ቀን ደግሞ ጎመኑና ቆጮው ብቻቸውን ይበቃሉ።

አሠራሩ

1ኛ. እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን። ጎመኑን ቀድመን ከትፈን፣ ቀቅለን ውሃውን እንጨምቃለን። ከሥጋው በፊት የሆነበት ምክንያት አለው፤ ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ሌላ ምግብ መንካት የለበትም።

2ኛ. ሥጋውን መጀመሪያ በስሱ እንዘለዝላለን፣ ቀጥለን እንደ ጣት እንቆርጣለን፣ ከዚያ በደቃቁ እንከትፋለን። ጅማት ካገኘን እናወጣለን። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሄ ነው። በማሽን የተፈጨም ይሆናል፤ በቢላዋ የተከተፈው ግን ይለሰልሳል። እዚህ ላይ ከ5ኛ ክፍል በታች ያላችሁ ቢላዋውን ለትልልቆቹ ስጡ። እናንተ ኮረሪማ ፈልፍሉ፣ ውቀጡ።

3ኛ. ድስት ጥደን ቅቤውን በመጠነኛ እሳት እናቀልጣለን። አይጤስ! ቅቤ ከጤሰ ይመርራል። ኮረሪማውን እንጨምርና አንዴ እናማስላለን፤ ቤቱ ሲያውድ ጎረቤትም ያውቃል።

4ኛ. ሥጋውን እንጨምርና ሳናቋርጥ በማማሰያ እየበተንን እናማስላለን። ካልበተንነው ይጓጉላል፤ የጓጎለው ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ቀይ ቀለሙ ሁሉ እስኪጠፋ ወደ 10 ደቂቃ ይወስዳል። አንዱን ጓል ከፍለን እንይ፤ ውስጡ ቀይ ከሆነ ገና ነው። ደግሞም ከሚገባው በላይ ከቆየ ይደርቃል፣ ስለዚህ እንደበሰለ ወዲያው ይውጣ።

5ኛ. ድስቱን ካወረድን በኋላ ሚጥሚጣና ጨው እንጨምራለን። ሚጥሚጣ እሳት ላይ ከጨመርነው ጭሱ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ሚጥሚጣ የነካ እጅ ዓይን አይንካ! ሥጋው የደረቀ ከመሰለ አንድ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ጠብ እናደርግበታለን።

ቆጮውስ?

ቆጮ ከጉድጓዱ ሲወጣ ቃጫ ስላለው ይጨመቃል፣ ከዚያ ቃጫው እንዲያጥር በቢላዋ ይከተፋል። አያችሁ? ቆጮም ይከተፋል! በኋላ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ለዚህ ምግብ ስስ አድርጎ መጋገር ጥሩ ነው፤ ወፍራም ከሆነ አይታጠፍም። ትኩስ ሳለ እንደ መዳፍ እየቆረጥን መሐሉ ላይ ክትፎ፣ ከጎኑ አይብና ጎመን አድርገን እናጥፈዋለን። በእጅ ተይዞ ይበላል። ቆጮ በሌለበት ዳቦም ይሆናል፤ የአዮዋ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የተረፈ ካለ ተከድኖ ይቀመጥና በዚያው ቀን በደንብ ሞቆ ይበላ። ለማግስቱ አናሳድረው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ የሚቀጥለው በዓል ሲመጣ አንድ ሰው «ጥሬ ካልሆነ ክትፎ አይባልም» ቢላችሁ በትሕትና «ክትፎ መከተፉ ነው እንጂ ጥሬነቱ አይደለም» በሉት። ከታላላቆቻችን ጋር መሟገት ነውር ከመሰላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ ድስቱን ጣዱና የበሰለውን አቅምሷቸው። የጥሬው ወዳጅ የሆነ ሰው እንኳ ሁለተኛ ሲጎርስ ታዩታላችሁ። ዋናው ነገር ግን ታናናሾቻችን ጥሬውን እንዳይጎርሱ መጠበቅ ነው። እነሱ የሚያደርጉት እኛን አይተው ስለሆነ መጀመሪያ እኛ እንተው።

የዚህ እትም ጥያቄዎች፦ አንደኛ፣ የተከተፈ ሥጋ ከሙዳው ይልቅ ይበልጥ መብሰል ያለበት ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ኮረሪማ የማን ዘመድ ነው? ሦስተኛ፣ የኮሶ ትልን ሰንሰለት የምንቆርጥባቸው ሁለቱ ቦታዎች የት የት ናቸው? መልሱን ያወቃችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ አስገቡ። በሰልፍ ሰዓት እናነበዋለን።

መልካም ማዕድ! በሚቀጥለው እትም በሌላ ሙያ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።