የጽጌረዳ የቫይረስ በሽታና አያያዙ

በግቢው ጽጌረዳ የተከለ ሰው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ባየው ጊዜ ውሃ ወይም ፍግ ያነሰው ይመስለዋል። ብዙ ጊዜም አሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ቢጫነቱ ከቫይረስ የመጣ እንደ ሆነ ለፍግና ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ስለሚቀር፥ ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል እንላለን።

ብረት ያነሰው ጽጌረዳ ለጋ ቅጠሎቹ ይገረጡና ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ሞዛይክ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ግን እንደ መብረቅ የተጠማዘዘ ቢጫ መስመር፥ አንዳንድ ጊዜም ቀለበት ወይም መረብ የመሰለ ነገር በቅጠሉ ላይ ይሥላል። አንዱ ቅርንጫፍ ታሞ ሌላው ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። አሳሳቹ ነገር ደግሞ ሙቀት ሲበረታ ምልክቱ መጥፋቱ ነው፤ ባለቤቱ ዳነልኝ ሲል ቫይረሱ ከውስጥ አለ።

ይህን በሽታ በአመዛኙ የሚያዛምተው ክሽክሽ ወይም የመግረዣ መቀስ ሳይሆን የአራቢው እጅ ነው። ጽጌረዳ አራቢዎች ከሚፈልጉት ዓይነት አንድ ቡቃያ ከነቅርፊቱ ልጠው በሌላ ጽጌረዳ ግንድ ላይ ያጣብቃሉ። ከሁለቱ አንዱ የታመመ ከሆነ የሚገኘው ተክል ከነበሽታው ይበቅላል። ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ለምኖ የመትከል መልካም ልማዳችንም፥ ቅርንጫፉ ከታመመ ተክል የተቆረጠ ከሆነ በሽታውን አብሮ ያስገባል።

የታመመውን ክፍል መቁረጥ አያድንም። በችግኝ ጣቢያ ተክሉን በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ4 ሳምንት ያህል አቆይቶ ንጹሕ ቡቃያ ለማግኘት ይቻላል፤ በግቢ ግን የሚሆን ሥራ አይደለም። ስለዚህ ባለ ግቢው ችግኝ ሲገዛ ቅጠሉን ደኅና አድርጎ ይመርምር። አስቀድሞ የገባበት ጽጌረዳ አበባው የሚያስደስተው ከሆነ መንቀል የለበትም፤ ለማራባት ብቻ አይውሰድበት።

ይህ ፍርድ ለሮዜት በሽታ አይሠራም። ሮዜት በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፥ ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው ግን ገና በ2011 ነው። ከሸረሪት ወገን የሆነች ለዓይን የማትታይ ፍጥረት በነፋስ እየተወሰደች ታጋባዋለች። የታመመው ቀንበጥ ይቀላል፥ እሾሁ ከልክ በላይ ይበዛል፥ ቅርንጫፉም እንደ መጥረጊያ ይታጨቃል። እንዲህ የሆነው ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስለሚሞትና ጎረቤቶቹንም ስለሚያስይዝ፥ ሳይውል ሳያድር ከነሥሩ ተነቅሎ፥ በከረጢት ታስሮ ከግቢው መውጣት አለበት።